ባሮሎ፦ በጊዜ የሚበስለው የፒየሞንት ቀይ ወይን

በሰሜን ምዕራብ ኢጣሊያ በፒየሞንት ግዛት፣ ከቶሪኖ ከተማ በስተደቡብ በተዘረጉት የላንጌ ኮረብታዎች ላይ የሚመረተው ባሮሎ፣ በዓለም ካሉት ቀይ የወይን ጠጆች መካከል ዕድሜ በጨመሩ ቁጥር ጣዕማቸው ከሚጎለብት ጥቂቶች አንዱ ነው። አብዛኛው የወይን ጠጅ ለገበያ ከቀረበ በኋላ በአጭር ጊዜ ውስጥ ተጠጥቶ እንዲያልቅ ታስቦ የሚጠመቅ ሲሆን፣ ባሮሎ ግን በወጣትነቱ ድድን የሚያኮማትር፣ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ መለዘብ የሚጀምር፣ ጥሩ የለቀማ ዓመትና ጥሩ ማስቀመጫ ከገጠመው ደግሞ ሠላሳና አርባ ዓመት አልፎትም ጉልበቱ የማይከዳው መጠጥ ነው። ስለዚህ የአንድ ጠርሙስ ባሮሎ መልካምነት በሦስት እጆች ይሠራል፤ ፍሬውን የሚያበቅለው ገበሬ፣ ጭማቂውን ወደ ጠጅ የሚለውጠው ጠማቂ፣ በመጨረሻም ጠርሙሱን ተረክቦ ለዓመታት የሚጠብቀው ባለቤት የየድርሻቸውን ያዋጣሉ። ከእነዚህ ሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመጨረሻው ነው። ይሁን እንጂ የቀደሙት ሁለቱ የደከሙበትን ከፍጻሜ ሊያደርስም ሊያበላሽም የሚችለው እርሱ በመሆኑ፣ ስለ አቀማመሱ ከመናገር አስቀድሞ ስለ አሠራሩና ስለ አቀማመጡ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መሬቱና ፍሬው

ባሮሎ የሚጠመቀው ኔቢዮሎ ከተባለ አንድ የወይን ዝርያ ብቻ ሲሆን፣ ይህ ዝርያ በፒየሞንት ምድር በጽሑፍ መጠቀስ የጀመረው ገና በ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ኔቢዮሎ ከሌሎች የአካባቢው ዝርያዎች ቀድሞ የሚያቆጠቁጥና ከሁሉም ዘግይቶ የሚበስል በመሆኑ፣ በአንድ በኩል የጸደይ ውርጭ፣ በሌላ በኩል በለቀማ ሰሞን የሚመጣ ዝናብ ያሰጋዋል። በዚህም ምክንያት የላንጌ ገበሬዎች ፀሐይ በደንብ የሚያገኘውን፣ ወደ ደቡብ ያዘነበለውን የኮረብታ ገጽ ለኔቢዮሎ ሲያውሉ፣ ዶልቼቶና ባርቤራ ለተባሉት ቀድመው ለሚደርሱ ዝርያዎች ደግሞ ቀዝቀዝ የሚለውን ወገን ይመድባሉ። ለቀማው በአብዛኛው የሚካሄደው በኦክቶበር ወር፣ ጉም ሸለቆዎቹን መሸፈን በሚጀምርበት ወቅት ነው። የአየር ንብረቱ እየሞቀ ከመጣ ወዲህ ግን ለቀማው ከቀድሞው ይልቅ ቀደም እያለ መጥቷል።

ፍሬው ሊለቀም የሚፈቀደው በ11 መንደሮች ክልል ውስጥ ሲሆን፣ ከእነርሱም ይበልጥ የታወቁት ባሮሎ፣ ላ ሞራ፣ ካስቲሊዮኔ ፋሌቶ፣ ሴራሉንጋ ዳልባ እና ሞንፎርቴ ዳልባ ናቸው። መንደሮቹ እርስ በርሳቸው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ቢራራቁም አፈራቸው ይለያያል። በምዕራብ በኩል፣ በላ ሞራና በባሮሎ መንደር፣ ሸክላና ኖራ የተዋሐዱበት ሰማያዊ ግራጫ አፈር ይበዛል፤ ከዚያ የሚወጣው ጠጅ መዓዛው ቀድሞ የሚከፈትና ጠባዩ ለስለስ ያለ እንደሆነ ይነገርለታል። በምሥራቅ በኩል፣ በሴራሉንጋና በሞንፎርቴ፣ በዕድሜ የሚበልጥና በየመሐሉ የአሸዋ ድንጋይ የተነባበረበት አፈር ስላለ፣ የዚያ አካባቢ ጠጅ ጠንካራ አቋም ያለውና ለመብሰል ብዙ ዓመት የሚጠይቅ ይሆናል። ይህ የኮረብታዎች ገጽታ፣ ከወይን እርሻዎቹና ከመንደሮቹ ጋር፣ በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

የባሮሎ ስም የገነነው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት የአካባቢው ኔቢዮሎ ብዙ ጊዜ መፍላቱን ሳይጨርስ የክረምቱ ብርድ ስለሚይዘው ጥቂት ስኳር የቀረበት፣ ጣፋጭነት ያለው መጠጥ ሆኖ ይቀር እንደነበር ይነገራል። የባሮሎ ባላባት ሚስት የነበሩት በትውልድ ፈረንሳዊቷ ጁሊያ ኮልበርት ፋሌቲ እና በኋላ ለኢጣሊያ አንድነት ዋና መሪ የሆኑት፣ በወጣትነታቸው የግሪንዛኔ መንደር ከንቲባ የነበሩት ካሚሎ ካቩር በየእርሻቸው የተሻለ አጠማመቅ እንዲለመድ ድጋፍ ሰጥተዋል። በዚያ ዘመን ነበር ባሮሎ ስኳሩ ሙሉ በሙሉ ወደ አልኮል የተለወጠ ደረቅ ቀይ ወይን ሆኖ ወደ መኳንንቱ ማዕድ የገባው። በ1966 የመጣበትን ቦታና የአጠማመቁን ደንብ የሚወስን ሕግ የወጣለት ሲሆን፣ በ1980 ደግሞ በኢጣሊያ የወይን ሕግ ከፍተኛ የሆነውን የጥራት ዋስትና ደረጃ ካገኙት ቀዳሚ ጠጆች መካከል ሆኗል። በደንቡ መሠረት አንድ ባሮሎ ከለቀማው ዓመት ኖቬምበር 1 ቀን ጀምሮ ቢያንስ 38 ወራት መቆየት ያለበት ሲሆን፣ ከእነዚህም 18ቱን በእንጨት በርሜል ያሳልፋል። ሪዜርቫ የሚባለው የተለየ ዓይነት ደግሞ 62 ወራት ይቆያል።

ቤተሰቡና የአጠማመቅ ልማዱ

ባህላዊው የባሮሎ አጠማመቅ ምን እንደሆነ ለመረዳት በዚያው በባሮሎ መንደር የሚኖረውን የማስካሬሎ ቤተሰብ መመልከት ይጠቅማል። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ አብዛኛው የላንጌ ገበሬ ፍሬውን ለትልልቅ የወይን ነጋዴዎች ይሸጥ ስለነበር፣ በራሱ ስም ጠርሙስ የሚሞላ አነስተኛ አምራች እምብዛም አልነበረም። ጁሊዮ ማስካሬሎ የቤተሰቡን የወይን ቤት በ1918 መሠረቱ፤ ልጃቸው ባርቶሎ ሥራውን ተረክበው በ2005 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ የባህላዊው አጠማመቅ ዋና ጠበቃ በመሆን ታወቁ፤ ከእርሳቸው በኋላም ልጃቸው ማሪያ ቴሬዛ በዚያው መንገድ ቀጥለዋል። የቤተሰቡ እርሻ አምስት ሔክታር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ለባሮሎ የሚሆነው ፍሬ በባሮሎ መንደር ካሉት ከካኑቢ፣ ከሳን ሎሬንዞና ከሩዌ እንዲሁም በላ ሞራ ከሚገኘው የሮኬ ማሳ ይለቀማል።

የአራቱ ማሳዎች ፍሬ ተዋሕዶ አንድ ጠጅ ብቻ ይወጣዋል። ከ1961 ጀምሮ በላንጌ የአንድን ማሳ ፍሬ ለብቻው ጠምቆ በማሳው ስም መሸጥ እየተለመደ፣ ዋጋም እያስገኘ ቢመጣም፣ ባርቶሎ ማስካሬሎ የአባቶቻቸውን የመቀላቀል ልማድ አልተዉም። ምክንያቱም የአንዱ ማሳ ጉልበት የሌላውን ልስላሴ እንደሚያሟላ፣ በአስቸጋሪ ዓመትም አንዱ ሲጎድል ሌላው እንደሚደግፍ ከልምድ ያውቁ ስለነበር ነው።

የአጠማመቁ ሂደት ከውጭ ሲታይ ቀላል ነው። የተለቀመው ዘለላ ከአገዳው ተለይቶ በስሱ ከተጨፈለቀ በኋላ ከነልጣጩና ከነዘሩ ወደ ሲሚንቶ ገንዳ ይገባል፤ በዚያም እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋል። በሚፈላበት ጊዜ የሚወጣው ጋዝ ልጣጩን ወደ ላይ ስለሚያንሳፍፈው፣ ጭማቂው ከሥር እየተቀዳ ከላይ ይፈስበታል፤ ወይም ልጣጩ በርብራብ ተጭኖ ከፈሳሹ በታች እንዲሰጥም ይደረጋል። በባህላዊው መንገድ ልጣጩና ፈሳሹ አብረው የሚቆዩት ለበርካታ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ወር በላይ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ታኒን የሚባለው ውሕድ ከልጣጩና ከዘሩ ወደ ጠጁ ይገባል፤ ስኳር ያልገባበት፣ ጠቁሮ የተፈላ ሻይ በምላስና በድድ ላይ የሚተወው የማድረቅና የማኮማተር ስሜት ከዚሁ ዓይነት ውሕድ የሚመጣ ነው። ኔቢዮሎ በተፈጥሮው ታኒኑ ብዙ፣ አሲዱም ከፍተኛ ሲሆን፣ ቀለሙ ግን ከሌሎች ቀይ የወይን ዝርያዎች ሳሳ ያለ ነው።

ከዚያ በኋላ ጠጁ ከክሮኤሺያዋ ስላቮኒያ በሚመጣ የኦክ እንጨት ወደተሠሩ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሊትሮች ወደሚይዙ ትልልቅ በርሜሎች ይዛወራል። የበርሜሉ ትልቅነት በጠጁ ጣዕም ላይ ቀጥተኛ ውጤት አለው። በርሜሉ በሰፋ መጠን እንጨት የሚነካው የጠጅ ድርሻ እያነሰ ስለሚሄድ፣ ትልቅ በርሜል ኦክስጅን በጥቂት በጥቂቱ እያሳለፈ ታኒኑን ከማለዘብ በቀር የራሱን የእንጨት ሽታ በጠጁ ላይ አይጭንም። በተቃራኒው ባሪክ የሚባለው 225 ሊትር የሚይዘው የፈረንሳይ አነስተኛ በርሜል፣ በተለይ አዲስ ሲሆን፣ የቫኒላና የተጠበሰ እንጨት መዓዛ ይሰጣል።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ላንጌን ለሁለት የከፈለው ክርክር የተነሣው በዚህ ልዩነት ዙሪያ ነው። ወጣት ጠማቂዎች ልጣጩን ለጥቂት ቀናት ብቻ በማቆየትና ባሪክ በመጠቀም ቶሎ የሚጠጣ፣ ቀለሙ የደመቀና በውጭ ገበያ የሚፈለግ ባሮሎ ማውጣት ጀመሩ። በላ ሞራ የሚኖሩት ኤሊዮ አልታሬ በ1983 የአባታቸውን አሮጌ በርሜሎች በሞተር መጋዝ መቆራረጣቸውና በዚህም ምክንያት ከአባታቸው ርስት መነቀላቸው ክርክሩ እስከ ቤተሰብ ድረስ ምን ያህል ዘልቆ እንደገባ ያሳያል። በሌላው ወገን ባርቶሎ ማስካሬሎ ባሪክን በጽኑ ተቃውመዋል፤ በእጃቸው ሥለው በጠርሙስ ላይ በለጠፉት ምልክትም ባሪክንና ፖለቲከኛውን ሲልቪዮ ቤርሉስኮኒን በአንድነት እንደማይቀበሉ ገልጸዋል። አዲሶቹ ጠማቂዎች ንጽሕናን፣ የእርሻ አያያዝንና ምርት መቀነስን በማስተማር ለአካባቢው ጠቅመዋል፤ በእንጨቱ ጉዳይ ግን ጊዜ ለባህላዊው ወገን ፈርዷል ማለት ይቻላል፤ ባሪክ ይመርጡ ከነበሩት ብዙዎቹ ዛሬ ወደ ትልልቅ በርሜሎች ተመልሰዋል።

በጠርሙስ ውስጥ የሚካሄደው ለውጥ

ጠጁ በጠርሙስ ከታሸገ በኋላ ሥራው አያበቃም። በወጣት ባሮሎ ውስጥ የታኒን ቅንጣቶች ለየብቻቸው ሆነው በምራቅ ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቁ አፍን ያደርቃሉ፤ ዓመታት ሲያልፉ ግን እርስ በርሳቸውና ከቀለም ሰጪ ውሕዶች ጋር እየተያያዙ ይሄዳሉ፤ ከፊሎቹም ከብደው ወደ ታች ይዘቅጣሉ። አሮጌ ጠርሙስ ሥር የሚታየው ጥቁር ቀይ አተላ ይኸው ነው። በዚህ ምክንያት ጠጁ ይለዝባል፣ ቀለሙም ከሩቢ ቀይ ወደ ጡብ መልክ፣ ከዚያም ጠርዙ ወደ ብርቱካናማነት ይሄዳል። መዓዛውም አብሮ ይለወጣል፤ በወጣትነቱ ትኩስ ቼሪ፣ እንጆሪና ጽጌረዳ የሚሸተው ጠጅ ሲበስል የደረቀ አበባ፣ የቆዳ፣ የትንባሆ፣ የሬንጅና ከምድር በታች የሚበቅለው የእንጉዳይ ዓይነት ሽታ ያወጣል። አሲዱ በዚህ ጉዞ ሁሉ ጠጁን ትኩስ አድርጎ የሚያቆየው ምሰሶ ነው።

ይህ ለውጥ ቀጥ ባለ መስመር አይሄድም። ባሮሎ ገበያ በወጣበት ሰሞን የፍሬው መዓዛ ጎልቶ የሚሰማ ሲሆን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብዙ ጊዜ ይዘጋል፤ ማለትም መዓዛው ተሰውሮ ታኒኑ ብቻ ጎልቶ ይቀራል። በዚህ ወቅት ከፍቶ የሚቀምስ ሰው ጠጁ የተበላሸ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን የሚያስፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው። ጥሩ ባህላዊ ባሮሎ በአብዛኛው ከአሥርኛው ዓመት በኋላ መከፈት ጀምሮ እስከ ሃያና ሠላሳ ዓመት በጥሩ ይዞታ ይቆያል። የለቀማው ዓመት ግን ይወስነዋል፤ እንደ 2010 እና 2016 ያሉት፣ ፍሬው ቀስ ብሎ የበሰለባቸው ዓመታት ረጅም ዕድሜ የሚጠበቅባቸው ሲሆኑ፣ እንደ 2003 ባለው እጅግ ሞቃት ዓመት የተለቀመው ጠጅ በአመዛኙ ቀድሞ ይበስላል።

አቀማመጥ

ባሮሎን ለማቆየት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው የማይለዋወጥ ቅዝቃዜ ነው። ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ሙቀት ተመራጭ ሲሆን፣ ቋሚ የሆነ 16 ዲግሪ ከ10 ወደ 22 ከሚመላለስ ሙቀት ይሻላል፤ ምክንያቱም ጠጁ ሲሞቅ ስለሚያብጥና ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር፣ ይህ መመላለስ በቡሹ ዙሪያ አየር እንዲገባ ያደርጋል። ከ25 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ የቆየ ጠርሙስ ያለ ዕድሜው ያረጃል፤ የፍሬው ሽታ ጠፍቶ የተቀቀለ ፍራፍሬ ዓይነት ጣዕም ይተካዋል፤ ይህም ጉዳት በኋላ በማቀዝቀዝ አይመለስም።

ሁለተኛው ጉዳይ የአየሩ እርጥበት ነው። 70 በመቶ ገደማ የሆነ እርጥበት ቡሹ ከውጭ በኩል እንዳይደርቅ ይረዳል፤ ከውስጥ በኩል ደግሞ ጠጁ ራሱ ቡሹን እንዲያርስ ጠርሙሱ በጎኑ ተኝቶ ይቀመጣል። የፀሐይና የኃይለኛ አምፖል ብርሃን የጠጁን ውሕዶች ስለሚያበላሽ ስፍራው ጨለማ፣ እንዲሁም ከሚርገበገብ ሞተርና ኃይለኛ ሽታ ካላቸው ነገሮች የራቀ መሆን አለበት። በላንጌ ለዚህ የሚያገለግለው ካንቲና የሚባለው ከመሬት በታች የተሠራ ክፍል ነው። እንዲህ ያለ ክፍል የሌለው ሰው ለወይን ጠጅ ተብሎ የተሠራ ማቀዝቀዣ መጠቀም ይችላል፤ በሞቃት አገር ለሚኖር ሰው ይህ ግዴታ ነው። የኩሽና ማቀዝቀዣ ለጥቂት ቀናት እንጂ ለዓመታት አይሆንም፤ ቅዝቃዜው ከሚፈለገው በላይ፣ አየሩም ደረቅ ነውና። ማቀዝቀዣም ሆነ ምድር ቤት የሌለው ሰው ጠጁን በቶሎ ቢጠጣው ይሻለዋል።

አሮጌ ጠርሙስ የሚገዛ ሰው ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት ጠርሙሱ የት እንደነበረ ቢጠይቅ ይበጀዋል። የጠጁ ከፍታ ከጠርሙሱ አንገት ወርዶ ትከሻው ላይ ከደረሰ፣ ቡሹ ወደ ውጭ ከገፋ ወይም በአንገቱ ላይ የፈሰሰ ምልክት ከታየ ጠጁ ሙቀት ወይም አየር አግኝቶት ሊሆን ይችላል። ለማስቀመጥ የሚገዛ ሰው ደግሞ ከአንድ ጠጅ ሦስት ወይም ስድስት ጠርሙስ ቢይዝና በየጥቂት ዓመቱ አንዱን ቢከፍት፣ ጠጁ የሚደርስበትን ጊዜ ከየትኛውም መጽሐፍ በተሻለ ሊያውቅ ይችላል።

አቀማመስ

ለመክፈት የታሰበ አሮጌ ባሮሎ ቢያንስ አንድ ቀን አስቀድሞ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ይደረጋል፤ አተላውም ወደ ታች ይሰበሰባል። ጠጁ ሲቀዳ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ቢሆን መልካም ነው፤ ከዚህ ሲሞቅ አልኮሉ ይገናል፣ ከዚህ ሲቀዘቅዝ ታኒኑ ይመራል። ወጣት ባሮሎ ሆዱ ወደ ሰፋ ማንቆርቆሪያ ተገልብጦ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት አየር ቢያገኝ ይለሰልሳል። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ጠጅ ግን መዓዛው ስስ በመሆኑ፣ አተላውን ለመለየት ያህል በዝግታ ተቀድቶ ሳይዘገይ ይቀርባል። ብርጭቆውም መዓዛ የሚሰበስብ፣ ሆዱ ሰፊ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን፤ ከሲሶውም በላይ አይሞላ።

ቅምሻው በዓይን ይጀምራል። ብርጭቆው በነጭ ጨርቅ ላይ ዘንበል ሲል የሚታየው ስስ ቀለም የጠጁን ድክመት አያመለክትም፤ ኔቢዮሎ ጉልበቱን በቀለሙ አያሳይምና። ከዚያ ብርጭቆው ሳይነቃነቅ፣ ቀጥሎም በዝግታ ከተሽከረከረ በኋላ ይሸተታል። እርጥብ ካርቶን ወይም ሻጋታ የሚሸት ከሆነ ቡሹ ጠጁን በክሎታል፤ ይህ በአምራቹም ሆነ በአስቀማጩ ጥፋት ሳይሆን ቲሲኤ የተባለ ውሕድ በቡሹ ውስጥ በመገኘቱ የሚከሰት ነው። ኮምጣጤ ወይም የከረመ የአፕል ሽታ ካለው ደግሞ አየር ገብቶበታል። ጠጁ ወደ አፍ ሲገባ በመላው ምላስ ላይ ለጥቂት ጊዜ እንዲቆይ ተደርጎ አራት ነገሮች ይታያሉ፤ አሲዱ ምራቅ ማምጣቱ፣ ታኒኑ የሻከረ ወይም የለዘበ መሆኑ፣ የፍሬው ጣዕም በሁለቱ መካከል ሳይዋጥ መቆሙ፣ ከተዋጠ በኋላም ጣዕሙ በአፍ ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ። በአንድ ብርጭቆ ላይ ከመፍረድ ይልቅ ጠርሙሱን ለሁለት ሰዓት ያህል በየመሐሉ መቅመስ ይሻላል፤ ባሮሎ አየር እያገኘ ሲሄድ ጠባዩ ይለወጣልና።

ታኒን ከፕሮቲንና ከስብ ጋር ሲገናኝ ስለሚለዝብ፣ ባሮሎ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ጠጅ ነው። የላንጌ ሰዎች ራሳቸው በወይን ጠጅ ለረጅም ሰዓት ከተቀቀለ የበሬ ሥጋ፣ ከበሰለ አይብ፣ በመጸውም ከምድር በታች የሚበቅለው የአልባ ከተማ ነጭ እንጉዳይ ከተፈረፈረበት ስስ የእንቁላል ፓስታ ጋር ያቀርቡታል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው። የባህላዊ ባሮሎ ዋጋ ያለው ጠማቂው ለጊዜ ቦታ በመስጠቱ ላይ ሲሆን፣ ገዢውም ያንኑ ትዕግሥት ካልደገመው የከፈለበትን አያገኝም። ቀዝቃዛና ጨለማ ስፍራ ያለው ሰው አሥር ዓመት ይጠብቅ፤ የሌለው ደግሞ ከዚያው ከላንጌ ኮረብታዎች የሚወጣውን፣ ከባሮሎ ርካሽ የሆነውንና በወጣትነቱ የሚጠጣውን ላንጌ ኔቢዮሎ ይምረጥ። ያልደረሰ ባሮሎ ከፍቶ ከማማረር ይልቅ፣ ቶሎ እንዲጠጣ ተብሎ የተጠመቀ ቀለል ያለ ጠጅ በጊዜው መጠጣት ለጠጪውም ለጠማቂውም ክብር ነው።